ራሴን የረታሁበት የፓርቲ ጉባኤ

ዛሬ የካ አባዶ የኮንዶሚኒየም ስብሰባ ላይ "ተቃውሞ ያለው?" ሲባል እጄን ላነሳ ስል ሳቄ አመለጠኝ።

በደርግ ጊዜ በከፍተኛችን የፓርቲ ጉባኤ ላይ እንድቃወም ተመድቤ ነበር። አዎ፣ ተመድቤ። ክርክሩ የሞቀ እንዲመስል ካድሬው ወረቀት ሰጠኝና "አንተ ትቃወማለህ፣ ሌላ ጓድ ይመልስልሃል፣ ከዚያ ታምናለህ" አለኝ።

ጉዳዩ ከእንጦጦ እንጨት መልቀምን መከልከል ነበር። ተነሥቼ "እነዚህ እናቶች ልጆቻቸውን በምን ያሳድጉ?" ብዬ አነበብኩ።

አዳራሹ አጨበጨበ። ወረቀቱ ላይ ጭብጨባ አልነበረም።

መላሹን ብጠብቅ ሆዱን አሞት ቀርቶ ኖሯል። ካድሬው አፈጠጠብኝ። እንደገና ተነሣሁና "ቅድም የተናገረው ጓድ ተሳስቷል" ብዬ ራሴን ረታሁት።

ክልከላው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። እኔም በግለሂስ አርአያነቴ ተመሰገንኩ።

እንጨት ተሸክመው ልጆች ያሳደጉት ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ከሴቶች ማኅበር መጥተው ኖሮ በር ላይ ያዙኝ። "ልጄ፣ አንተ የትኛው ነህ? የመጀመሪያው ነህ ወይስ የኋለኛው?" አሉኝ።

ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

እናንተስ፣ ራሳችሁን በአደባባይ ክዳችሁ ተመስግናችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልፈር።