የፊልሟ እንጀራ እናት

ሳቢና ካልሲና በሁሊያካ ከተማ ገበያ የበግ ራስ ሾርባ ትሸጥ ነበር። በሦስት እግር ብስክሌት ሰው የሚያመላልሱት ነጂዎች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት እሷ ዘንድ ይመጡና አግዳሚው ላይ ተጠጋግተው፣ ሳህኑን በሁለት እጃቸው አቅፈው ብርዱን ያስታግሱ ነበር። ባሏ ሳቱርኒኖ ወርቅ ቁፋሮ ሄዶ ዋሻው ሲደረመስበት፣ ከሟች የመጀመሪያ ሚስቱ የወለዳት ሉስማሪና ገና የምትኮላተፍ ልጅ ነበረች። ሳቢና የራሷ ልጅ የላትም። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ልጅ ለዘመድ ይሰጣል፤ ማንም አይታዘብም። እሷ ግን አዝላት ገበያ ወጣች።

ልጅቷ አድጋ ሳህን ማጠብ ስትጀምር ዊልበር ካማ የሚባል የሰርግ ቪዲዮ አንሺ መጣ። በዚያ ዘመን ካሜራ ያለው ሁሉ ፊልም ይሠራ ነበር። ተዋናዮቹ ጎረቤቶቻችን ነበሩ፤ ታሪኩም ያው ነው፤ ከበግ በረት ተነስታ ጠበቃ የምትሆን ልጅ፣ በባዶ እግሩ ሮጦ ሀብታሞቹን የሚቀድም ልጅ። በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ተሰብስበን እናለቅስ ነበር። የእኛ ኑሮ እንደዚያ ባያምርም፣ ለአንድ ምሽት የሚያምርለት ሰው እናይ ነበር። ያ ለቅሶ አንዳንዴ ዛሬም ይናፍቀኛል።

«ዶኛ ሳቢና፣ ክፉዋን እንጀራ እናት ሁኚልኝ» አላት ዊልበር ሾርባውን እየጠጣ፤ ዶኛ እኛ ዘንድ ወይዘሮ ማለት ነው።

«ከዚህ ሁሉ ሴት እኔን?»

«ፊትሽ አይስቅማ። ቆንጆዎቹን ሞከርኳቸው፤ ሲቆጡም ይሽኮረመማሉ።»

«ወላጅ አልባዋስ ማን ናት?»

«ያቻትልሽ፣ ሳህን የምታጥበዋ።»

ሉስማሪና እጇን ከውሃው አውጥታ የሳቢናን ቀሚስ ያዘች። «እሺ በይው ማማ። እባክሽ እሺ በይው።»

እሺ አለችው።

በፊልሙ ውስጥ እንጀራ እናቲቱ ልጅቷን በገመድ ትገርፋታለች። ገመዱ ከሱፍ የተሠራ ነበር፤ አያምም። ዊልበር ኋላ እንዳጫወተኝ፣ ሳቢናን ምንም ማስተማር አላስፈለገውም። ክንዷን አነሳች፣ ልጅቷ ወደየት እንደምትሸሽ ቀድማ አውቃ መንገዱን በእግሯ ዘጋች። «ይሄን ከየት አመጣሽው?» ሲላት «ከአክስቴ» አለችው። ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቀጥሎ በሚታየው ክፍል አስተማሪዋ ሰንበሩን አይታ ትጠይቃታለች፤ ልጅቷም አንገቷን ደፍታ «እናቴ አትመታኝም» ትላለች። አዳራሹ በሙሉ የሚነፋረቀው እዚያ ላይ ነበር።

ፊልሙ በታየ ማግስት ገበያው ተለወጠ። «ዛሬስ ለልጅቷ ቁርስ ሰጥተሻታል?» ይሏታል፤ ግማሾቹ ለቀልድ፣ ግማሾቹ የምራቸውን። የኖረ ደንበኛዋ የሆነ አንድ ብስክሌት ነጂ ወደ ጎን አግዳሚ ተዛወረ። «ፊልም መሆኑን አውቃለሁ እኮ» አለኝ ስጠይቀው፤ «ሾርባው ግን ከጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ።»

ይህንንስ ትችለው ነበር። ፊልሙ ግን ከከተማ ከተማ እየዞረ ማኩሳኒ ደረሰ። እዚያ የሉስማሪና የእናቷ እናት፣ ዶኛ ኢላሪያ ዩክራ፣ አልፓካ ከሚባሉት ባለ ሱፍ እንስሶቿ ጋር ትኖራለች። አዳራሽ ገብታ የልጅ ልጇ ስትገረፍ አየች። በሳምንቱ ሚኒባስ ተሳፍራ መጥታ ልጅቷ ትሰጠኝ ብላ እኛ ሰፈር ዳኛ ፊት ቆመች።

«ፊልም እንደሆነ አውቃለሁ፤ አላበድኩም» አለች። «ግን ያን እጅ አየሁት። መትቶ የማያውቅ እጅ እንደዚያ አይመታም።»

ዳኛው ዊልበርን አስጠራው። በቀረጻው መሀል እናትና ልጅ ተቃቅፈው የሳቁበት ካሴት ነበረው፤ ያንን ቢያሳይ ነገሩ ያልቅ ነበር። ዊልበር ኮፍያውን አወለቀ። «በላዩ የሰው ሰርግ ቀረጽኩበት» አለ።

ሳቢና አመታቱን ከየት እንደተማረች ተጠየቀች።

«በራሴ ገላ ላይ ነው የተማርኩት። አክስቴ ናት ያሳደገችኝ።»

«ታዲያ ያደግሽበትን ነዋ የምታደርጊው» አለች ዶኛ ኢላሪያ፣ ያለ ቁጣ።

እኔ፣ የሰፈሩ መምህር፣ በር ላይ ቆሜ ነበር። «ክቡር ዳኛ፣ ትወና እኮ ነው» አልኩ። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ዞር ብላ «መምህር፣ አንተም ስትነፋረቅ አይቼሃለሁ» አለችኝ፤ ሰው ሳቀ።

በመጨረሻ ዳኛው ልጅቷን አስቀረባት። «አትፍሪ፣ የኔ ልጅ። ትመታሻለች?»

ሉስማሪና እውነቱን ተናገረች። «እናቴ አትመታኝም» አለች።

 ከኋላ አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች። ዳኛው ፊልሙን ሁለቴ እንዳየው ሁላችንም እናውቃለን። ልጅቷም ምን እንዳለች ያን ጊዜ ገባት። «የእውነት ነው! እዚያኛው የውሸት ነበር፣ ይሄ ግን...» እያለች ጮኸች፤ በጮኸች ቁጥር ሰው ይበልጥ አዘነላት። ጠበቃ የሚቆምላት አልነበረም። ጠበቃዋ ያለችው ፊልሙ መጨረሻ ላይ ነው፤ ልጅቷ አድጋ ራሷ ጠበቃ ስትሆን።

ለአያቷ ተፈረደ። ሚኒባሱ ሲነሳ ሳቢና እንድታቅፋት አልተፈቀደላትም።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ድስቷ አልተጣደም። ኋላ ቦታዋን ለሌላ ሴት ለቃ፣ ድስቷን ተሸክማ ማኩሳኒ ሄደች፤ ሉስማሪና የምትማርበት ትምህርት ቤት ፊት ለፊት ተቀመጠች። እዚያም ሁሉም በፊልሙ አይቷታል። ልጆቹ ከአጥር ጀርባ ሆነው «ገመድሽን የት አኖርሽው?» ይሏት ነበር። ሾርባው ይበርዳል፤ ለውሻ ትደፋዋለች፤ በማግስቱ እንደገና ትጥዳለች። ሉስማሪና መንገዱን መሻገር ተከልክላለች።

አንድ ጠዋት ዶኛ ኢላሪያ መጥታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ ሾርባ አዘዘች። ጨረሰች። ሌላ ጨመረች።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ይዣት እመጣለሁ» አለች ስትነሳ። «በፊቴ ብቻ።»

አንድ ጊዜ በዚያ ሳልፍ ቅዳሜ ሆኖ ሦስቱንም አየኋቸው። ልጅቷ እየበላች ሳታቋርጥ ታወራለች። አሮጊቷ አትበላም፤ የሳቢናን እጆች በዓይኗ ትጠብቃለች። ሳቢናም ጭልፋውን ስታነሳ፣ ለልጅቷ ዳቦ ስታቀብል፣ እጇን ቀስ፣ በጣም ቀስ አድርጋ ነበር የምትዘረጋው።