የሾፌራችን ዓይንና የእኛ ይሉኝታ

በመሥሪያ ቤታችን ፒክአፕ የተሳፈረ ሁሉ ከብት ያደንቅ ነበር። የሾፌራችን ዓይን ደክሟል፤ ያን የመሰሉ ጨዋ ሽማግሌ ደግሞ «አይታይዎትም» የሚላቸው ደፋር ከመካከላችን አልተገኘም። ስለዚህ ወደ ቁይ ከተማ ስንወጣ አንዱ ከኋላ፣ «አቤት፣ መሀል መንገድ ላይ የተኛው በሬ ሲያምር!» ይላል። እሳቸው ፍሬን ይይዛሉ። ሌላው፣ «እነዚያን አህዮች ምን ያህል ቢጭኗቸው ነው!» ሲል ክላክስ ያሰማሉ። የግብርና ባለሙያዎች ስለሆንን ነገሩ አያስነውርም። ይሉኝታችን ግን ገደል ሊከተን ምንም አልቀረው። እኔ እዚያ መኪና ውስጥ የጸለይኩትን ያህል ቤተ ክርስቲያን ጸልዬ አላውቅም።

አምና ሾፌር ሁሉ በሐኪም ታይቶ ለሥራ ብቁ መሆኑን ያረጋግጥ ተባለ። እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን በመሪ ላይ ነው የፈጁት፤ ቢነጠቁ ምን ይውጣቸዋል ብዬ ደብረ ማርቆስ ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ።

ወጣቷ ሐኪም ግድግዳው ላይ ሦስት ጣት የመሰሉ የዓይን መመርመሪያ ምልክቶችን እያሳየች ጣቶቹ ወዴት እንደዞሩ ጠየቀቻቸው። ትልልቆቹን መለሱ። ወደ ትንንሾቹ ስትወርድ ዝም አሉ። ያ የለመደ አፌ፣ «ወደ ላይ ያንጋጠጠው እንዴት ደስ ይላል!» ብሎ አረፈው። ሐኪሟ ዞር ብላ አየችኝና በትሕትና በሩን አሳየችኝ።

ሲወጡ ፊታቸው ጠቁሯል። የዓይን ሞራ ነው፤ እስኪገፈፍላቸው ድረስ መሪ እንዳይነኩ ተከልክለዋል። ቁልፉን መዳፌ ላይ አኖሩና ጋቢና ገብተው ተቀመጡ። እኔ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና መንፈቄ ነው፤ መሪውን እንደ ዶሮ አንገት አንቄ ተነሣሁ። ከከተማው ወጣን።

ቁልቁለቱን ስንጀምር ሞተሩ ሲያጓራ ሰሙ መሰለኝ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ከኩርባው በኋላ ያለው ድልድይ ጥበቱ ደስ ሲል!»

ፍሬን ያዝኩ። ድልድዩ በእርግጥ ጠባብ ነበር። ተሻግሬ ዳር ይዤ አቆምኩና ዞሬ አየኋቸው።

«ጋሼ! ያውቁ ነበር ማለት ነው?»

«ምኑን? የግብርና ሰው በሬ ይወዳል ብዬ ነዋ፤» አሉና ሳቁ። ቀጥለው ግን መነጽራቸውን አውልቀው በጫፉ ጉልበታቸውን እየነካኩ፣ «እኔም እኮ ፈርቼ ነበር፣ ልጄ። አንዳችሁ ‹ጋሼ፣ ይብቃዎት› ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ኖርኩ» አሉኝ።