ድረ ገጼ የማያውቀው ገና

ድረ ገጼን የተረከብኩት ወልድያ፣ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ውስጥ ነው። የሠራልኝ ልጅ ዳዊት ይባላል። የይለፍ ቃሉን ስልኬ ላይ አስቀመጠልኝና «በቃ እትዬ፣ አልቋል» አለኝ። አመንኩት። ላሊበላ ያለችኝን ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ዓለም ሊያያት ነው ብዬ መንገዱን ሁሉ ስስቅ ተመለስኩ።

አልቋል የተባለው ሥራ በማግስቱ ጀመረ። የክፍሎቹን ፎቶ እቀይራለሁ። ውሃ ሲጠፋ «ሙቅ ሻወር» የሚለውን እሰርዛለሁ፣ ሲመጣ መልሼ እጽፋለሁ። ወደ ነአኩቶ ለአብ ገዳም የሚወስደው መንገድ ክረምት ላይ ሲበላሽ አስታውቃለሁ። ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ቁጭ ብዬ እናደዳለሁ። ለካ ድረ ገጽም እንደ ጭቃ ቤት በየበዓሉ ይለሰናል!

አንድ የማልነካው ነገር ነበር። ዳዊት የበዓላትን ቀን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር የሚገለብጥ ፕሮግራም አስገብቶልኛል። ራሱ ይሠራል ስለተባልኩ ዞር ብዬም አላየውም።

አንድ ዓመት ሄልጋ የምትባል አሮጊት ከባሕር ማዶ ጻፈችልኝ። ጉልበቷን ያማታል፤ ጉዞዋን ከዚህ በፊት ሰርዛለች፤ ከዘንድሮ ወዲያ መንገድ እንደማትችል ሐኪሟ ነግሯታል። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የገና ጠዋት ካህናቱ ቤተ ማርያም ዙሪያ፣ ከአፋፉ ላይና ከታች ሆነው ሲያሸበሽቡ ማየት። ቀኑን ከገጼ ላይ አይታ ትኬቷን ቆርጣለች።

ይህን ለጎረቤቴ ለመምሬ ኃይሉ አጫወትኳቸው። መቼ እንደምትገባ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ልጄ፣ እሷ ስትደርስ እኛ ጨርሰን ማዕድ ላይ ነን» አሉኝ። «ያለፈችው ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበረች ዘንድሮ ገና በታኅሣሥ ሃያ ስምንት ነው።»

ክው አልኩ። ይህንንማ እኔም አውቃለሁ፤ ያላወቅሁት ድረ ገጼ እንደማያውቅ ነው። ሁልጊዜ ሃያ ዘጠኝን ይዞ እየገለበጠ፣ በዓሉን በአንድ ቀን አሳልፎ ጽፎታል።

ዳዊት ጋ ደወልኩ። ፕሮግራሙ አይሳሳትም ብሎ ሊከራከረኝ ጀመረ።

«አንተ ዘንድሮ ጾም የምትፈታው በስንት ነው?» አልኩት።

«በሃያ ስምንት» አለኝና ስህተቱን አመነ። ከዚያ በስልክ እየመራኝ ያንን ገልባጭ አጠፋሁትና ቀኑን በእጄ ጻፍኩ። ለሄልጋም ወዲያው ላክሁላት። መልስ የለም። ኔትወርኩ ብልጭ ባለ ቁጥር ስልኬን እከፍታለሁ፤ ምግብ አልበላ አለኝ። በመጨረሻ ትኬቷን እንደቀየረች ጻፈች፤ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

የገና ጠዋት ክንዷን ይዤ አፋፉ ላይ አቆምኳት። ካህናቱ መወዛወዝ ሲጀምሩ አለቀሰች። ምን ይደበቃል፣ እኔም አለቀስኩ። ሲያበቃ እጄን እንደያዘች «ነገ ጠዋት እዚህ ብቆም ኖሮ ባዶ አፋፍ አይቼ ልመለስ ነበር» አለችኝ።

አዲስ ድረ ገጽ ለምትከፍቱ የሙያ ባልደረቦቼ የምላችሁ ይህን ብቻ ነው። የጻፋችሁትን አምኖ ከአገሩ የሚነሳ ሰው አለ። በየመስከረሙ ገጻችሁን ከላይ እስከ ታች ራሳችሁ አንብቡት።