የመታጠፊያው ሣር

ጎረቤቲቱ የሽማግሌውን ዓይን ማየት ትጠላለች፤ ሆኖም ልብስ ባሰጣች ቁጥር በሽቦ አጥሩ አሻግራ ሳታየው አትገባም። ሰላምታ ከአፉ ቢወጣ ጥርሱ የሚረግፍ ይመስለዋል። ክርኑ የተበሳ ሰማያዊ የደንብ ልብሱን ለብሶ፣ ጓሮው ውስጥ ከዘረጋት የአሻንጉሊት ባቡር ሐዲድ ዳር ተንበርክኮ ይውላል። ለልጅ ልጆቹ ነው እንዳይባል፣ በሩን ያንኳኳ ሰው አይታ አታውቅም። ሣሩ የእውነት እንዲመስል ከእርጥብ ድንጋይ የፋቀውን ለስላሳ አረንጓዴ ይተክላል፤ በጥፍር መቀስ ይከረክመዋል፤ ከርክሞም በጥርስ ብሩሽ ያበጥረዋል። በእሷ አጥር ጥግ ያለችውን የሐዲዱን መታጠፊያ ግን አይነካትም። እዚያ የሜዳው ሣር እንዳሻው አድጎ ሐዲዱ ላይ ተደፍቷል።

ዛሬ አላስቻላትምና መቀስ ይዛ ወጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ ሌላውን እንደ ሙሽራ ፀጉር እያበጠርክ ይቺን ለአይጥ ተውካት?» ብላ እጇን በአጥሩ አሾልካ ልትቆርጠው ስትል፣ አንጓዋን ጨምድዶ ያዛት።

«እጅሽን ሰብስቢ! አንዲት ልጅ የምነዳው ባቡር ሥር የገባች ቀን ሣሩ ይሄን ያህል ነበር።»

ለቀቃት። ከኪሱ አውራ ጣት የምታክል፣ ቢጫ ቀሚስ የለበሰች አሻንጉሊት አውጥቶ ከመታጠፊያው ወዲያ ሐዲዱ መሀል አቆማት።

«ጎንበስ በይና ከመታጠፊያው ወዲህ፣ ባቡሩ ከሚመጣበት በኩል እዪ። ትታይሻለች?»

ሳትወድ ጎንበስ አለች። ከሣር በቀር ምንም አልነበረም። እሱ የጨመደደው አንጓዋ ግን ገና ይፋጃል።

«ቁልጭ ብላ ትታያለች» አለችው።