ለቅለቅ ያደረግኩት ብልቃጥ

ባለፈው ክረምት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ እህቴ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ጥናት ወደምትሠራበት ላብራቶሪ አብሬያት እሄድ ነበር። ባጃጅ ውስጥ ሥራዋን ታስረዳኛለች። በመኪና ጭስ ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሀይድሮሲሌን ከሚባል ፈሳሽ ጋር አዋህዳ ወደሚጠቅም ነገር ትለውጣለች። ሁለቱ በራሳቸው እሺ አይሉም፤ ካታሊስት የሚባል አግባቢ ይፈልጋሉ።

ችግሩ ሀይድሮሲሌኑ ማለቁ ነበር። የቀረው ለሁለት ሙከራ ብቻ ነው። አማካሪዋ ሌላ ከውጭ እስኪመጣ ወራት እንደሚፈጅ፣ ካልተሳካላት ምረቃዋ ለከርሞ እንደሚተላለፍ ነግረዋታል።

ያን ቀን የደረቀውን ብልቃጥ እንዳቀብላት ጠየቀችኝ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር። እኔም በውሃ ለቅለቅ አድርጌ፣ ውጪውን ጠርጌ ሰጠኋት። ቤታችን ብርጭቆ ሳይለቀለቅ ለእንግዳ አይቀርብም፤ እጄ የለመደው ይህንኑ ነው።

ካታሊስቱን ጨመረች። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሞላ ፊኛ ከብልቃጡ አፍ ላይ ገጠመችና ሀይድሮሲሌኑን በመርፌ ጨመረችበት። ጋዙ ወደ ሥራው ሲገባ ፊኛው መሟሸሽ ነበረበት። እሱ ግን ማበጥ ጀመረ። እኔ ደስ ብሎኝ አጨበጨብኩ፤ እህቴ አላጨበጨበችም።

«ውሃ ገብቶበታል» አለች። «ካታሊስቱ ሀይድሮሲሌኑን ከውሃ ጋር አገናኝቶት፣ ሀይድሮጅን እየወጣ ነው።»

«እኔ ነኝ፤ ለቅለቅ አድርጌው ነበር።»

«ሻይ ልትቀጂልኝ ነው እንዴ፣ ሚጢ?»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልቆየም። ወደ ቤት ሂጂ ብትለኝ ይቀለኝ ነበር። አላለችኝም፣ እኔም አልሄድኩም። የቀረችው አንዷ ሙከራ በእኔ እጅ እንደማትበላሽ ለራሴ ቃል ገባሁ።

በማግስቱ ሌላ ብልቃጥ ማድረቂያው ምድጃ ውስጥ ከተተች። ወንበር ስቤ የምድጃው በር ሥር ተቀመጥኩ። የላብራቶሪው ባለሙያ የራሳቸውን እርጥብ ዕቃ ሊያስገቡ መጡ። ተነሥቼ፣ እባክዎ ሰዓቱ እስኪሞላ ይታገሡኝ ብዬ ለመንኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ ይቺ ደግሞ መቼ ተቀጠረች ብለው እያጉረመረሙ ሄዱ። ምሳ ሰዓት አለፈ፤ አልተንቀሳቀስኩም።

ብልቃጡ በትኩሱ ወጣ፣ ታሸገ፣ በረደ። መርፌውን ስትወጋ ከጎኗ ቆሜ ነበር። ለረጅም ጊዜ ፊኛው ምንም አልሆነም። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሸመገለ ብርቱካን፣ ቆዳው መጨማደድ ጀመረ።

እህቴ ከፊኛው ላይ ዓይኗን ሳትነቅል ደብተሯን በክርኗ ወደ እኔ ገፋችው።

«እጄ ተይዟል» አለች። «ሰዓቱን አንቺ ጻፊው።»

ጻፍኩት። ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ ይነበባል።