ወንድሜን በእንግሊዝኛ የጠየቅሁት

ከማስተምርበት ክፍል ስወጣ ታንኳ የሚሠራበት እርጥብ ደንገል ሸተተኝና ያ የጣና ዳር ማለዳ መጣብኝ። ወንድሜ በማግስቱ ለብሔራዊ ውትድርና ሊሄድ ነው። አያታችን ታንኳ ይጠግናሉ፤ እሱ እንግሊዝኛ ያስጠናኛል።

"ስትጠይቂ ረዳት ግሱ ከባለቤቱ ይቀድማል። በይ ሞክሪ።"

ጭጋጉ ውኃው ላይ ተኝቷል። በአማርኛ ያልደፈርሁትን በእንግሊዝኛ አልሁት፤ "ዊል ዩ ካም ባክ?"

"ጎበዝ! ልክ ነው" አለና ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ።

"ምን ብላ ጠየቀችህ?" አሉ አያቴ።

"ትመለሳለህ ወይ ነው የምትለኝ።"

"ታዲያ ልክ ነው ይባላል? ልጅቱ ጨንቋት እኮ ነው፤ መልስላት እንጂ!"

ወንድሜ፣ "አሁን ወደ አሉታው እንለፍ" አለኝ።

እኔ ግን "አልመለስም" ሲል እንዳልሰማ ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፈንሁ።

ዛሬ ተማሪዎቼ ሲጠይቁኝ፣ መጀመሪያ እመልስላቸዋለሁ፤ ዓረፍተ ነገሩን የማርመው ከዚያ በኋላ ነው።