የጌሾው አጽም

አባቴ ባረፈ በዓመቱ፣ ደብረ ኤልያስ ቤታችን ጓሮ የተከለው ጌሾ መድረቅ ጀመረ። ያኔ ደብረ ማርቆስ አንድ የዕፅዋት ቤተ ሙከራ ውስጥ እሠራ ነበር። ለምለም ሆነው ከቀሩት ቅጠሎች ጥቂት ቀጥፌ ወሰድሁና ህዋሶቹን ከቅጠሉ አላቅቄ ስኳር ባለው ፈሳሽ ውስጥ አሳደግኋቸው። ጌሾው ደርቆ ለማገዶ ሲቆረጥ እነሱ በብልቃጥ ውስጥ ይበዙ ነበር።

ክረምት ላይ እናቴ ጉልበቷን ልትታከም መጣች። ከሐኪም ቤት ስንመለስ ሥራ ቦታዬ ይዣት ገባሁ። መብራት ጠፍቶ ስላደረ ክፍሉ ይቀዘቅዛል። መብራቱ እንደመጣ ከብልቃጡ ጠብታ ወስጄ በማይክሮስኮፕ አየሁ። የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።

«ሳይሞቱ አልቀሩም» አልኋት።

እሷ ብልቃጡን በመዳፎቿ አቅፋ ስለ መንገዱ ጭቃ ታወራኝ ጀመር። ብልቃጡ ሲሞቅ ሌላ ጠብታ ወሰድሁና እንድታይ ማይክሮስኮፑ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኋት።

«ይሄዳሉ» አለች።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። በህዋሱ ውስጥ ጥቃቅን ቅንጣቶች አንዱ ሌላውን ተከትሎ፣ መንገድ በሌለበት መንገድ ይዘው ይጓዛሉ። ምንም በማይታይበት ቦታ ይታጠፋሉ።

«ማን ነው የሚነዳቸው?»

«ውስጡ ዓይን የማያየው ክር አለ፣ እማዬ። በሱ ላይ ነው የሚሄዱት። ህዋሱን ቅርጽ የሚያስይዘውም እሱ ነው። የህዋስ አጽም እንለዋለን።»

ከወንበሩ ተነሣች።

«አጽም አልሽ?»

«ስሙ ነው እንጂ...»

«አባትሽ አርፏል። ጌሾውም አልቋል። አንቺ አጽሙን በጠርሙስ ታስኬጃለሽ?»

ቃሉን በየቀኑ እለዋለሁ፤ እንዲህ ሆኖ ግን ሰምቼው አላውቅም።

«አጽም ከሆነ ወደ አፈሩ ይግባ» አለች።

እምቢ ማለት አቃተኝ። ቅዳሜ ብልቃጡን ይዘን ደብረ ኤልያስ ሄድን። ጌሾው የነበረበትን ቦታ ቆፈረችና ፈሳሹን አፈሰስሁበት። አፈሩ ወዲያው ጠጣው። እሷ ከቦታው አልተነቃነቀችም።

«አሁንስ ቆሙ?»

«ቆሙ» አልኋት፤ በምን አውቄ!

አላመነችኝም መሰለኝ፣ ቦታውን በእሾህ አጠረችው። እስካሁን ጎመን ስትተክል ያችን ቁራሽ መሬት ትዘላታለች። እኔም ለጥየቃ ስሄድ በዚያ በኩል አላልፍም።